ከኦዲየም እስከ ዶቨር፦ በአንዲት ካውንቴስ የወጪ መዝገብ እየተመሩ የሰባት ቀን ጉዞ

ይህን መንገድ ያወጣችው ኤሊኖር ደ ሞንፎርት ናት። የእንግሊዙ ንጉሥ ጆን ልጅ፣ የንጉሥ ሄንሪ 3ኛ ታናሽ እህት፣ የሌስተሩ ኧርል የሲሞን ደ ሞንፎርት ሚስት። ኧርል የባላባት ማዕረግ ነው፤ ሚስቱ ካውንቴስ ትባላለች። ባሏ በሜይ 1264 ወንድሟን በጦር ሜዳ ማርኮ፣ አገሪቱን በምርኮኛው ንጉሥ ስም ይገዛ ነበር። በ1265 ክረምት መግቢያ፣ በጁን፣ ነገሩ ሲገለበጥ ኤሊኖር ከሃምፕሻየር ተነሥታ የደቡቡን ባሕር ዳርቻ ይዛ ዶቨር ገባች። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ርቀቱ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ዛሬ በባቡርና በእግር ሰባት ቀን ይበቃዋል።

መንገዷ የታወቀው የቤቷ ጸሐፊዎች በየዕለቱ የያዙት የወጪ መዝገብ ስለተረፈ ነው። ከፌብሩዋሪ 19 እስከ ኦገስት 29 ቀን 1265 ያለውን ጊዜ የያዘ የብራና ጥቅል ነው። የየዕለቱ አጻጻፍ አንድ ሥርዓት አለው፤ ቀኑና ቦታው፣ ማን በእንግድነት እንደበላ፣ ለዳቦ የወጣው እህል፣ ወይኑ፣ ቢራው፣ የወጥ ቤቱ ወጪ፣ በመጨረሻም የጋጣው፤ ማለትም ድርቆሹ፣ አጃውና የፈረሱ ቁጥር። ጦርነቱን ፈልጎ የሚያነብ ሰው ከመጨረሻው ቢጀምር ይሻለዋል። ፈረስ ሲበዛ ወታደር መጥቷል፣ ፈረስ ሲያንስ ወታደር ወጥቷል ማለት ነው።

ከመነሣት በፊት ሦስት ነገር ይታሰብበት። በጁን ፀሐይ ከንጋቱ 11 ሰዓት በፊት ወጥታ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ስለምትጠልቅ ወሩን መምረጥ ቀኑን ያረዝመዋል። እሑድ ባቡር ይቀንሳል፤ የሐዲድ ጥገናም የሚበዛው ያን ቀን ስለሆነ ጉዞውን ሰኞ መጀመር ጥሩ ነው። ጫማው ደግሞ ጭቃ የሚችል ይሁን።

ቀን 1፦ ኦዲየም

ከለንደን ዋተርሉ ጣቢያ ወደ ሁክ የሚሄደው ባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከሁክ እስከ ኖርዝ ዋርንቦሮ መንደር በእግር 3 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ የቤዚንግስቶክን ቦይ ዳር ዳሩን የሚከተለው የእግር መንገድ የኦዲየም ግንብ ፍርስራሽ ድረስ ይወስዳል። ክፍያ የለም። ዝናብ ከጣለ በኋላ መንገዱ ስለሚላቁጥ ስስ ጫማ አይሆንም።

የቀረው ባለ ስምንት ማዕዘን ማማ ነው። ጥርብ ድንጋዩን ሰው ለሌላ ግንባታ ስለወሰደው አሁን የሚታየው ባልጩትና ኖራ የተለሰነበት የግድግዳው ሆድ ነው። ያሠራው የኤሊኖር አባት ንጉሥ ጆን ሲሆን ሥራው ከ1207 እስከ 1214 ወስዷል። በ1216 የፈረንሳይ ጦር ሲከበው ውስጥ የነበሩት 13 ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ለቀናት ይዘውት ነበር። ወንድሟ ሄንሪ በ1236 ለእሷ ሰጣት።

የሰጣትም እንዲሁ አልነበረም። ኤሊኖር ገና ልጅ ሳለች ለታናሹ ዊልያም ማርሻል ተድራ በ1231፣ በ16 ዓመቷ አካባቢ፣ ባሏ ሞተባት። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ሕግ ባሏ የሞተባት ሴት ከባሏ መሬት ሲሶውን በሕይወት እስካለች ትይዛለች። የማርሻል መሬት ግን አየርላንድና ዌልስ ድረስ የተዘረጋ ስለነበር፣ ወራሾቹ የአየርላንዱንና የዌልሱን ሲሶ በመሬት መልቀቁን ትተው በዓመት 400 ፓውንድ እንዲከፈላት ተስማሙ። ኤሊኖርና ሁለተኛው ባሏ ሲሞን ይህ ገንዘብ ከሚገባት እጅግ ያነሰ ነው እያሉ ዕድሜ ልካቸውን ከንጉሡ ጋር ተካሰሱ። የ1260ዎቹን የእርስ በርስ ጦርነት በምክር ቤትና በንጉሥ ሥልጣን ብቻ የሚተርክ ሰው ይህችን ሲሶ ይዘላታል። መዝለል አይገባውም ነበር።

መዝገቡ የሚጀምረው በዐቢይ ጾም ሁለተኛ ቀን ነው፤ የዚያ ዓመት ፋሲካ ኤፕሪል 5 ዋለ። የእነሱ ጾም ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ከልክሎ ዓሣ ይፈቅዳል። ስለዚህ ወጥ ቤቱ በየቀኑ በመቶዎች የሚቆጠር ሄሪንግ የሚባለውን ዓሣ፣ በጨው የታሸውንና በጭስ የደረቀውን ያወጣል። ጨው የበዛበት ምግብ መጠጥ ይፈልጋል፤ ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የዘመኑ የእንግሊዝ ቢራ ሆፕስ የሚባለው ተክል አይገባበትም ነበር። ጌሾ ያልገባበት ጠላ ብላችሁ አስቡት። በጥቂት ቀን ውስጥ ይኮመጥጣል፤ ስለዚህ አይከማችም፤ ወይ ቤት ውስጥ ሳያቋርጡ መጥመቅ፣ ወይ ከመንደሩ ጠማቂ ሴቶች መግዛት ግድ ነው። ይህን ያህል ቤተሰብ ይዞ በድንገት መንገድ መውጣት ለምን እንደሚከብድ ከቢራው መስመር ይታያል።

የጓዳው ነገር ብዙ ነው። ለሴት ልጇ ለታናሿ ኤሊኖር የጸሎት መጽሐፍ ሲዘጋጅ 20 ደርዘን ስስ ብራና በ10 ሺሊንግ ተገዛ። ሺሊንግ 12 ፔኒ ስለሆነ አንዱ ቅጠል ግማሽ ፔኒ ወጣ ማለት ነው። ለጽሕፈቱ ደግሞ 14 ሺሊንግ ተከፈለ። ልፋት የሚያውቅ የቁም ጸሐፊ በዚህ አይገረምም፤ ከቆዳው እጁ በለጠ። ለወራት የልብስ አጠባ የተከፈለው ግን 15 ፔኒ ብቻ ነው። መልእክተኞቹ በቅጽል ስም ይጠሩ ነበር፤ አንዱ ጎቢሄስቲ ይባላል፣ «ፍጠን ሂድ» እንደማለት ነው። ሌላው ትሩቦዲ ነው፣ «ታማኙ»። ኤሊኖር ኬኒልወርዝ ግንብ ታስሮ ለነበረው ለሌላው ወንድሟ ለሪቻርድ ቅመምና ልብስ ትልክለት ነበር። ባሏ ያሰረውን ወንድሟን እሷ ታለብሰዋለች፤ ለመዝገቡ ጸሐፊ ይህ እንደማንኛውም ወጪ አንድ መስመር ነው።

ማርች 19 ሲሞን ከ160 በላይ ፈረሶች አስከትሎ ኦዲየም ገባ። የጋጣው ወጪ በአንድ ሌሊት አበጠ። ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ወደ ምዕራብ ሄደ። ባልና ሚስት ከዚያ በኋላ አልተያዩም።

ቀን 2፦ ፖርትቼስተር

ሜይ 28 የንጉሡ ልጅ ኤድዋርድ ሄርፎርድ ከተማ ላይ ከጠባቂዎቹ አመለጠ። ፈረሶች ልሞክር ብሎ አንዱን ካንዱ እየቀያየረ አደከማቸው፤ ያልደከመው ላይ ወጥቶ ጠፋ። በቀጥታ የሄደው ዊግሞር ወደሚባለው ግንብ ነው። የዚያ ቤት እመቤት ሞድ ሞርቲመር የንጉሡ ወገን ነበረች። ስሟ ወደ ኋላ ይመጣል።

ወሬው 150 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ኦዲየም ሲደርስ ኤሊኖር አልዘገየችም። ጁን 1 በሌሊት ወጣች። መንገድ የመራት ዶብ የሚባል እረኛ ነው፤ የድካሙ ዋጋ በመዝገቡ ላይ አለ። ባላባቶች ሞልተው እረኛ ለምን? በኦዲየምና በባሕሩ መካከል ያለው አገር በአብዛኛው የኖራ ድንጋይ ኮረብታና የበግ ግጦሽ ነው። ዋናው መንገድ በዊንቸስተር በኩል ያልፋል፤ ሰው ያያል፣ ወሬ ይቀድማል። የበግ መንገድ ግን ሌሊትም ለእረኛው የቤቱ ደጅ ነው።

ዛሬ ከሁክ ተነሥቶ በቤዚንግስቶክ በኩል ባቡር እየቀየሩ ፖርትቼስተር ጣቢያ መውረድ ይቻላል። ከጣቢያው ግንቡ ድረስ 20 ደቂቃ ያህል ነው። አራት ማዕዘኑ የውጭ ቅጥር ሮማውያን በ3ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሠሩት ሲሆን ዛሬም 6 ሜትር ገደማ ከፍታ ይዞ ዙሪያውን ቆሟል። ኖርማኖች በሰሜን ምዕራቡ ማዕዘን ማማቸውን፣ በሰያፍ ማዶ ደግሞ ቤተ ክርስቲያናቸውን ጨመሩበት። ቅጥሩ ውስጥ መግባት በነጻ ነው፤ ማማው በትኬት ነው። መጀመሪያ ማማው ላይ ውጡና የባሕሩን በር ከላይ እዩት። ውሃው ሲሞላ ከግንቡ ሥር ይደርሳል፤ ጀልባ ለሚፈልግ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ግንቡን የያዘው ልጇ ታናሹ ሲሞን ነበር። ኤሊኖር 11 ቀን ቆየች።

ቀን 3፦ በቺችስተር በኩል ብራምበር

ጁን 12 ዓርብ ነበር፤ የዓሣ ቀን። ከፖርትቼስተር እስከ ብራምበር ከ55 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሴቶችና ጓዝ ለያዘ ጉዞ ከባድ ቀን ነው፤ ከዚህ ፍጥነት ፍርሃቱን መገመት ይቻላል።

በባቡር ቺችስተር ላይ ለአንድ ሰዓት መውረድ አይከፋም። ካቴድራሉ ውስጥ የአረንደል ኧርልና የሚስቱ የኤሊኖር ኦቭ ላንካስተር የድንጋይ ምስል እጅ ለእጅ ተያይዞ ተጋድሟል። ሰው የሚጎርፈው ለዚህ እጅ ነው። መቶ ዓመት ከዚህ ታሪክ በኋላ የመጣ ሲሆን፣ እጆቹም በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተጠገኑ ናቸው።

ብራምበር ጣቢያ የለውም፤ መስመሩ በ1966 ተዘግቷል። ሾረሃም ላይ ወርዶ የአዱርን ወንዝ ተከትሎ ወደ ሰሜን 6 ኪሎ ሜትር ያህል መሄድ ነው። መንገዱ ሜዳ ነው፣ ነፋሱ ግን ከባሕር ስለሚመጣ ሲመለሱ ፊት ለፊት ይገጥማል። ከግንቡ የቀረው እንደ ጣት የቆመ አንድ የበር ማማ ግድግዳ ነው። ሲያዩት አያስደንቅም፤ ታሪኩን ሲያውቁ ግን እግር ይይዛል።

ብራምበር የደ ብራዎዝ ቤተሰብ ነው። በ1208 ንጉሥ ጆን ባላባቶቹ ልጆቻቸውን በመያዣነት እንዲሰጡት ሲጠይቅ የዚህ ቤት እመቤት ማቲልዳ ደ ብራዎዝ፣ የወንድሙን ልጅ አርተርን ላጠፋ ሰው ልጆቼን አልሰጥም አለች። ያንን በአደባባይ የሚናገር ወንድ እንኳ አልነበረም። ንጉሡ አሳደዳት፣ ያዛት፣ በ1210 ከልጇ ጋር በእስር ቤት በረሃብ ገደላት። ከ55 ዓመት በኋላ የጆን ልጅ ኤሊኖር በዚያው ቤተሰብ ግንብ አደረች፤ ባሏም የሌሎችን ልጆች በመያዣነት የሚይዝ ሰው ሆኗል።

ቀን 4፦ ሉዊስና ዊልሚንግተን

ከሾረሃም በብራይተን በኩል ሉዊስ። ሲሞን ሜይ 14 ቀን 1264 ንጉሡን የማረከው ከዚህ ከተማ በላይ ባለው ኮረብታ ነው። ግንቡ ላይ ወጥቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ ቢመለከቱ ሜዳው ይታያል፤ ሁለት ሰዓት ይበቃል።

ለዊልሚንግተን በርዊክ ወይም ፖልጌት ጣቢያ ላይ መውረድ ነው፤ ከሁለቱም ከ3 እስከ 4 ኪሎ ሜትር በእግር። ካርታ ካልያዙ ከትልቁ አስፋልት ጋር መጋፈጥ ይመጣል፤ የመስክ መንገዱን መያዝ ይሻላል። ኤሊኖር ጁን 13 ያደረችበት ገዳም ኖርማንዲ ውስጥ ላለው ለግሬስቴን ገዳም የሚገብር ትንሽ ቤት ነበር። በኮረብታው ላይ በነጭ የተሳለው 70 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ሰው ከሩቅ ይታያል። ብዙ ሰው ከጥንት ጀምሮ ያለ ይመስለዋል፤ በቅርብ የተደረገው ምርመራ ወደ 16ኛውና 17ኛው ክፍለ ዘመን ስለሚያወርደው ኤሊኖር አላየችውም። ያየችው በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ያለውን ዛፍ ነው። ከሺህ ዓመት በላይ ይገመታል፤ ቅርንጫፎቹ በምሰሶ ተደግፈው ዛሬም ቆሟል።

ቀን 5፦ ዊንቸልሲ

ከዊልሚንግተን ወደ ምሥራቅ ሲሄድ ፔቨንሲ በቅርብ አለ፤ እሱ ግንብ ደግሞ በንጉሡ ወገን እጅ ነበር። የኤሊኖር ልጅ ሲሞን ወራት ሙሉ ከብቦት አልያዘውም። ስለዚህ ይህ የመንገዱ ክፍል ጠላት ከተቀመጠበት ሥር ማለፍ ነበር። እዚያው ፔቨንሲ ውስጥ በ1399፣ በሌላ ጦርነት፣ ጆን ፔልሃም የሚባለው ባላባት ሚስት ጆን ፔልሃም (ስማቸው በእኛ ፊደል አንድ ሆኖ ቀረ) ተከብባ ሳለች ለባሏ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ጽፋለች። ባላባት ሴት በእንግሊዝኛ የጻፈችው ደብዳቤ ከዚያ በፊት ብዙም አይገኝም።

ዊንቸልሲ ጣቢያው ከታች፣ ከተማው ከላይ ነው፤ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል፣ መጨረሻው ዳገት። እዚህ ላይ ብዙ ጎብኚ ይሳሳታል። በመስመር የተዘረጋው፣ ከቤቶቹ ሥር የድንጋይ ቅስት ያላቸው የወይን ጓዳዎች የሞሉበት ይህ ውብ ከተማ ኤሊኖር ያደረችበት አይደለም። አሮጌው ዊንቸልሲ በጠጠር ደለል ላይ የተሠራ የወደብ ከተማ ነበር። ባሕሩ ዓመታት ሙሉ ሲበላው ቆይቶ በ1287 ማዕበል ጨረሰው። አዲሱን በኮረብታው ላይ ያስተከለው ያ ያመለጠው ልዑል፣ ኋላ ንጉሥ ኤድዋርድ 1ኛ፣ ነው። ከከተማው ጫፍ ወደ ደቡብ ቆሞ የሚታየው ረግረግና ባሕር ነው፤ አሮጌው ከተማ እዚያ ማዶ የሆነ ቦታ ነበር።

ኤሊኖር የዊንቸልሲን የከተማ ሰዎች ግብር አበላች፤ የሳንድዊችንም እንዲሁ። መርከብ ያላቸው እነሱ ናቸው። «አምስቱ ወደቦች» የሚባለው ማኅበር መርከቦች በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ያለውን ጠባብ ባሕር ይጠብቁ ነበር። የንጉሡ ሚስት ንግሥት ኤሊኖር ኦቭ ፕሮቫንስ በ1264 ጌጧን አስይዛ ገንዘብ ተበድራ፣ ፍላንደርስ ላይ ጦርና መርከብ ሰብስባ ነበር፤ ሳትሻገር ደመወዝ አለቀባትና ጦሩ ተበተነ። ድጋሚ እንዳይመጣ ወደቦቹን መያዝ ያስፈልጋል። ሰይፍ ያልያዘች ሴት ወደብ የምትይዘው በማዕድ ነው። ግብር የፖለቲካ ሥራ መሆኑን የአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገውም።

ቀን 6 እና 7፦ ዶቨር

ከዊንቸልሲ በራይ በኩል አሽፎርድ፣ ከዚያ ዶቨር ፕራዮሪ። በዚህ መስመር ባቡሩ ብዙ ስላልሆነ አንዱ ካመለጠ ቀኑ ይበላሻል። ከጣቢያው ግንቡ ድረስ ያለው አቀበት ሻንጣ ይዞ አይወጣም፤ አስቀምጡት። ሁለት ቀን የሚያስፈልገው ግቢው ሰፊ ስለሆነ ነው።

ኤሊኖር ሰኞ ጁን 15 ገባች። የግንቡ አዛዥ የበኩር ልጇ ሄንሪ ነበር፤ እሱ ግን ከአባቱ ጋር ምዕራብ ዘምቷል። ዋናው ማማ የአያቷ የሄንሪ 2ኛ ሥራ ሲሆን የ1180ዎቹ ነው። ግድግዳው በአንዳንድ ቦታ 6 ሜትር ይወፍራል። ውስጡ ዛሬ በቀለምና በመጋረጃ ያጌጠው የ1180ዎቹን ቤተ መንግሥት ለማሳየት ነው፤ የኤሊኖርን ዘመን ለሚፈልግ ሰው ትንሽ ያሳስታል። ለእሷ ዘመን የሚቀርበው ከ1216ቱ ከበባ በኋላ የተሠራው የምዕራቡ ትልቅ በር ነው። የጠዋቱ ብርሃን ከጀርባው ስለሚሆን ከሰዓት በኋላ ይታይ።

ኦገስት 4 ኢቭሻም ላይ ሲሞንና ሄንሪ ተገደሉ። የሲሞን ሬሳ ተቆራረጠ፤ የዜና መዋዕል ጸሐፊዎች እንደመዘገቡት ራሱ ዊግሞር ላለችው ለሞድ ሞርቲመር ተላከላት። ያቺ ኤድዋርድን የተቀበለችው ሞድ ናት።

ብዙ ታሪክ እዚህ ላይ ኤሊኖርን ጥቁር አልብሶ ይተዋታል። እሷ ግን ገና ከሁለት ወር ተኩል በላይ ሥራ ነበራት። ልጆቿን አሞሪንና ሪቻርድን 11,000 ማርክ አሸክማ ወደ ፈረንሳይ አሻገረች። ማርክ 160 ፔኒ ነው፤ በፓውንድ ሲመነዘር ከ7,300 ይበልጣል። ከሲሶዋ ይከፈላት ከነበረው 400 ፓውንድ ጋር ሲነጻጸር የ18 ዓመት ገቢ ነው። በኦክቶበር ኤድዋርድ ከውጭ ሲመጣ፣ ማማው ውስጥ ታስረው የነበሩ የንጉሡ ወገን ባላባቶች ጠባቂዎቻቸውን አባብለው ማማውን ያዙ። ከውጭም ከውስጥም ተያዘች ማለት ነው። ማማው ውስጥ ሆናችሁ ወደ ግቢው የሚያዩትን መስኮቶች ብትመለከቱ ችግሩ ይገባችኋል፤ ግቢው በሙሉ ከቀስት በታች ነው።

ያኔም ቢሆን እጅ የሰጠችው በውል ነው። ከወንድሟ ልጅ ጋር ተደራድራ፣ የቤቷ አገልጋዮች ምሕረት አግኝተው መሬታቸው እንዲመለስላቸው አደረገች። በመዝገቡ ላይ ድርቆሽና ቢራ ሲቆጥሩ የነበሩት ሰዎች ያለ ቅጣት ወጡ። እሷ ከሴት ልጇ ጋር ኦክቶበር 28 ተሻግራ፣ የሲሞን እህት አሚሲያ ባቋቋመችው የሞንታርጂ የሴቶች ገዳም ገባች፤ በ1275 እዚያ ሞተች። የወጪ ጥቅሉም እዚያው ቆይቶ በፈረንሳይ አብዮት ዘመን ተገኘ፤ አሁን ለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ነው።

ከግንቡ ደቡብ ጫፍ ወደቡ ሙሉ በሙሉ ይታያል፤ የካሌ ጀልባዎች ገብተው የሚወጡበት ነው። ኤሊኖር በወጣች ማግስት፣ ኦክቶበር 29፣ ንግሥት ኤሊኖር ኦቭ ፕሮቫንስ በዚያው ወደብ ወረደች።